ልጅ ያቦካው

(በትምህርት ዘመኑ መዝጊያ፣ በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ለተማሪ ወላጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች! አያቶችም መጥታችኋል፤ እግዜር ያክብርልኝ። እዚያ ከኋላ ድምፄ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ።

ክቡር ርዕሰ መምህራችን፣ ውድ ባልደረቦቼ፣ ይህን መድረክ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ ካርድ የምትወስዱበት ቀን ነው። ልባችሁ ካርዱ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ፤ እናንተ የተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሜ እስኪጠራ ልቤ ሲመታ አስታውሳለሁ። ስንተኛ ወጣ? ሒሳብ ስንት አመጣች? መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። ግን ካርዱ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። ልጃችሁ ማታ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ብቻውን ሲሆን ስለ ራሱ ምን ያስባል? «እችላለሁ» ነው የሚለው ወይስ «እኔ አልረባም»? እኔ ዛሬ የቆምኩት ስለዚህ ልነግራችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ልጆቻችሁ «የጭቃዋ ቲቸር» ነው የሚሉኝ፤ ስሙን እወደዋለሁ። ከ20 ዓመት በላይ ሥዕልና የእጅ ሥራ ሳስተምር ኖሬያለሁ። በነዚህ ዓመታት ከወላጅ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ተረት አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።» ይህን ያልሰማ እዚህ አለ? የለም።

አባቶቻችን ይህን ያሉት ስለ ዱቄትና ስለ ራት ከሆነ ልክ ናቸው። ልጅ ያቦካው ይጓጉላል፤ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል፤ ግማሹ ክንዱ ላይ ይቀራል። እኛ ግን ተረቱን ከማጀት አውጥተን ልጁ በነካው ነገር ሁሉ ላይ ጫንነው። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል «ና፣ እኔ ልሰርልህ፣ ረፈደ» እንላለን። ብርጭቆ ሊያጥብ ሲነሳ «ተው፣ ትሰብራለህ» እንላለን። ደብተሩን ሊለብድ ሲቀመጥ «ታበላሸዋለህ» ብለን ከእጁ እንቀማለን። በቀን አሥር ጊዜ፣ በዓመት ስንት ጊዜ? ልጁ ቃላችንን ያምናል። እናቱና አባቱ «አትችልም» ካሉት ማን ይችላል ሊለው ነው?

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ለምን እጅ? ሁለተኛ፣ በዚህ ክረምት ምን እንሥራ? ሦስተኛ፣ እኛ ትልልቆቹ ምን ከማድረግ እንቆጠብ? ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነውና።

ወደ አንደኛው ልግባ። ለምን እጅ?

ከዓመታት በፊት፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ሦስተኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበረኝ። ማንበብ ይቸግረዋል። ስሙ ሲጠራ ከመቆሙ በፊት አንገቱን ይደፋል፤ ከኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን በደንብ የሰማሁት አይመስለኝም። አንድ አርብ «ቤታችሁ የሠራችሁት ነገር ካለ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። ሰኞ ጠዋት ከፌስታል ውስጥ የሽቦ መኪና አወጣ።

እስቲ ላሳያችሁ፤ ምን ዓይነት መኪና መሰላችሁ? ቦዲው ከወፍራም ሽቦ፣ ማዕዘን ማዕዘኑ በቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ የታሰረ። ጎማዎቹ ካረጀ ሸበጥ ተቆርጠው የወጡ፤ ሁለቱ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ጥቁር፤ አንድ ጥንድ አልበቃውማ። ከፊት ጎማዎቹ ረጅም ሽቦ ተነስቶ እስከ ደረቱ ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ ክብ መሪ አለው። ልጁ ቆሞ እየገፋው መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር የፊት ጎማዎቹ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ክፍሉ በሙሉ ከዴስኩ ተነሳ። አንደኛ የሚወጣው ልጅ መጥቶ ተንበረከከና «እንዴት ነው የሚታጠፈው?» ብሎ ጠየቀው። ያ ዝምተኛ ልጅ ምን አለ? «ሽቦውን እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ካላዞርከው ይላቀቃል። እኔ መጀመሪያ አንዴ ብቻ አዙሬው ተላቆብኝ ነበር።» ረጋ ብሎ፣ እንደ አስተማሪ።

በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ወጣ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። አልወጣም። የሆነው ይህ ነው። በቀጣዩ ሳምንት በንባብ ክፍለ ጊዜ እጁን አወጣ። አነበበ፣ ተሳሳተ። ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና እጁን አወጣ። ተሳስቶ እንደገና እጁን አወጣ! እኔ በራስ መተማመን የምለው ይህን ነው። ጮክ ብሎ መናገር አይደለም፤ እንግዳ ፊት መዝፈን አይደለም። «አንዴ ተላቆብኝ ነበር፤ ግን ሠራሁት» ብሎ የሚያውቅ ልጅ ሌላውንም ነገር እንዲሁ ይሞክረዋል።

ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ያለ ልጅ ትልቁ ጥያቄው «አንድ ነገር ሠርቼ መጨረስ እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው ይላል። መልሱን ካገኘ ታታሪ ይሆናል፤ ካጣ ከሰው በታች እንደሆነ ይሰማዋል። አልበርት ባንዱራ ደግሞ «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከየት እንደሚመጣ አጥንቷል። ሰው ሲመክረው ይመጣል፣ ሌላው ሲችል አይቶም ይመጣል፤ ከሁሉ የሚበረታው ግን ራሱ ሠርቶ ሲያየው ነው። እኛ «ጎበዝ» ያልነው ቃል ይበናል። ልጁ የሠራው የጭቃ በሬ ግን መስኮቱ ላይ ቆሟል። ጠዋት ሲነሳ አለ። ተጣልቶ ሲመጣ አለ። ፈተና ወድቆ ሲመጣም አለ።

እዚህ ላይ ከርዕሴ ትንሽ ወጣ ልበል፤ ፍቀዱልኝ። በአገራችን እጅ ራሱ ሲሰደብ የኖረ ነው። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን አንገቱን አስደፍተነዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ቶሎ አልወጣም። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ።

እናቴ ምጣድና ጀበና ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭድ ጠቅልለን ገበያ እንወርዳለን። ትምህርት ቤት ግን አንዳንድ ልጆች ሳልፍ ፊታቸውን በክንዳቸው ይሸፍኑ ነበር፤ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል ተብለው ነው። እኔስ ምን አደረግሁ? ጠዋት ጠዋት ከጥፍሬ ሥር ያለውን ሸክላ በስንጥር እያወጣሁ፣ እጄ እስኪቀላ በድንጋይ እየፈተግሁ እሄድ ነበር። «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ነጋዴ ናት» አልኩ። ይህን ያልኩበት ቀን እናቴ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ኖሮ ሰማች። ምንም አላለችኝም። ምን እንዳደረገች በኋላ እነግራችኋለሁ።

ይህን የማነሳው ለምንድነው? ዛሬ «ልጄ ዶክተር ይሆናል፣ ጭቃ ምን ያደርግለታል?» የምትለኝ እናት ሳታውቀው ያንኑ የድሮ ስድብ ስለምትደግመው ነው። ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሐኪምም በእጁ ነው የሚሠራው። ወንድ ልጅ መርፌ ሲይዝ፣ ሴት ልጅ ፒንሳ ስትይዝ የምንሳሳቀውም ከዚያው ነው። እባካችሁ፣ በቤታችሁ አታስቀጥሉት።

ሁለተኛ። በዚህ ክረምት ምን እንሥራ?

ክረምቱ ረጅም ነው። ዝናብ ነው፤ ልጁ ቤት ነው፤ ስልኩም እዚያው ነው። «ስልኩን አስቀምጥ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ስልኩ የነበረበት እጅ ባዶውን መቆየት አይችልም። በእጁ ምን እንስጠው? ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ክረምታችን ራሱ የእጅ ሥራ ያዘለ ወቅት ነው፤ ቡሄና እንቁጣጣሽ ያሉት በውስጡ ነው።

ለትንንሾቹ፣ ለሦስትና ለአራት ዓመቶቹ፣ ጭቃ። ደጃችን ላይ ነው፤ በነፃ ነው። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ጭድ ወይም ደቀቅ ያለ ደረቅ ሣር ጣል አድርጉበት፤ የጭቃ ቤት ሲመረግ እንደሚደረገው። ግቢ የሌላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ከዱቄት መሥራት ትችላላችሁ። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ የሚጠጋ ውሃ፤ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ማሸት ነው። ጨው የበዛበት ስለሆነ ልጆቹ አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት ተጠንቀቁ። በዚህ ኑሮ ውድነት ዱቄት ለጨዋታ ይሆናል ወይ ብላችሁ የምታስቡ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ነቀዝ የበላው፣ ለምግብ የማይሆን ዱቄት ሲኖር ለዚህ ይሁን፤ ከሌለ ጭቃው ይበቃል። በምንም አያንስም።

ሰባትና ስምንት ዓመት ለሞላቸው፣ ጅራፍ። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ጅራፍ ግን ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣ ምኑ ነው ቡሄ? ቃጫ ግዙና ልጁ ራሱ ይግመድ። ቃጫውን ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ሲያሸው፣ ሁለቱን ዘርፍ እርስ በርሱ ሲያዞረው፣ እያደር እየቀጠነ ሲሄድ አያችሁ? መጀመሪያ የገመደው ይፈታበታል። ሁለተኛው ይወፍራል። ሦስተኛው ይጮኻል! ያ ጩኸት የልጁ ነው፤ በሰፈሩ ላይ የሚሰማው የራሱ እጅ ድምፅ ነው። አደራ፣ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት ይሁን፤ ዓይን የሚያህል ነገር የለም። ሴቶች ልጆችም መግመድ ከፈለጉ አትከልክሏቸው።

ስፌት ለትልልቆቹ ነው፤ ወስፌ ስለታም ነው። አያቶች፣ እዚህ ላይ የእናንተን እርዳታ እፈልጋለሁ። የሰፌድ አስቸጋሪው መጀመሪያው ነው፤ መሃሉን፣ ያችን ትንሿን ክብ፣ ስንደዶው እሺ ብሎ እስኪዞር ድረስ የልጅ ጣት አይችላትም። እናንተ ጀምሩላቸው፤ ሁለትና ሦስት ዙር ሄዳችሁ ስጧቸው። ከዚያ ወዲያ አክርማውን እያጠበቁ መዞር ይችላሉ። አለላ ቀለሙን ራሳቸው ይምረጡ። ቀይ ከቢጫ፣ ቢጫ ከሐምራዊ ይሁን፣ ምርጫው የእነሱ ነው።

አያት ቤት ውስጥ የሌለቻችሁስ? ብዙዎቻችሁ ቤት የምታግዛችሁ እህት አለች። ከገጠር የመጣች ልጅ ከሆነች ስፌቱንም፣ ጥጥ መፍተሉንም አብራ ያደገችው ሊሆን ይችላል። ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? «ልጆቼን ይህን ታስተምሪያቸዋለሽ?» ብላችሁ በክብር ለምኗት። ልጃችሁ ከእሷ እጅ ሲማር፣ ትናንት «ውሃ አምጪ» ሲላት የነበረውን ሰው ዛሬ «እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ይህ ለእሷም ነው፣ ለልጃችሁም ነው።

የእንቁጣጣሽ ሥዕልን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ። እኔ የምሳሳለት ነገር ነው።

በልጅነታችን ወንዶቹ ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት ይጀምሩ ነበር። ደብተር መሃል ላይ ያለውን ወረቀት በጥንቃቄ መንቀል፤ ለአራት መቅደድ። ከዚያ ፀሐይ፣ አበባ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ። ቀለም የሌለው የአደይን አበባ ወረቀቱ ላይ እያሸ ቢጫ ያወጣል፤ ጥቁሩ ከከሰል። የመስከረም አንድ ጠዋት ሴቶቹ «አበባየሆሽ» እያሉ፣ ወንዶቹ ሥዕላቸውን ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ያችን ሥዕል ጎረቤት ግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጥፋታል፤ በዓመቱ ስትሄዱ ደብዝዛ እዚያው ናት። አስቡት፤ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በየሄደበት ቤት የራሱን እጅ ሥራ ግድግዳ ላይ ያያል! ለዚህ የሚተካ ሽልማት አለ?

አሁን ግን ልጆቻችን ምን ይዘው ነው የሚዞሩት? ፎቶ ኮፒ። ከሱቅ የተገዛ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። እኛው ነን የገዛንላቸው። «እሱ የሳለው ያሳፍራል» ብለን። ምኑ ነው የሚያሳፍረው? መልአኩ አንድ ዓይኑ ስለተለቀ? ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። በቀን አንድ ሥዕል፣ አምስት ሥዕል ለአምስት ቤት። ይበቃል። ጎረቤት ስትሆኑ ደግሞ ሥዕሉን ተቀብላችሁ ብሩን ጣል አድርጋችሁ በሩን አትዝጉ። ሥዕሉን ተመልከቱት። «ይሄ ምንድን ነው? ይህችን ቀለም ከየት አገኘሃት?» በሉት። ልጁ ከብሩ በፊት ፊታችሁን ነው የሚያየው።

በመሃል አንድ ነገር ሳልረሳ። ልጃችሁ ግራኝ ከሆነ በግራው ይቁረጥ፣ በግራው ይሳል። ስንቱ ልጅ እጁ ላይ ተመትቶ «በቀኝህ ያዝ» እየተባለ አድጓል! መቀስ የሚሠራው ለቀኝ እጅ ነው፤ በግራ ሲይዙት ወረቀቱን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ልጁ «አልችልም» ሲል ያልቻለው መቀሱ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ። ምን ከማድረግ እንቆጠብ?

አታስተካክሉባቸው። ይህን ሦስት ጊዜ ብለው ደስ ይለኛል። አታስተካክሉባቸው፣ አታስተካክሉባቸው።

አንድ ዓመት የልጆች ሥራ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅተን ነበር። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከካርቶን ጎጆ ቤት ሠርታ ለማጠናቀቅ ወደ ቤት ወሰደችው። በማግሥቱ ሲመጣ ሌላ ቤት ሆኗል። ክዳኑ በእኩል የተቆረጠ፣ በሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ጫፍ ጫፉ በወርቃማ ወረቀት የተሸፈነ። እናትየው እስከ እኩለ ሌሊት ሠርታው ነው። ከፍቅር ነው፤ ክፋት የለበትም። ጠረጴዛው ላይ ሁሉን የሚያስንቅ ሆነ። ሰው እየመጣ «አንቺ ነሽ የሠራሽው? ጎበዝ!» ይላታል። ልጅቷ ግን ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የቆመችው። ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት። «የኔ አይደለም» አለችኝ። «የኔ በር ይከፈት ነበር።»

የኔ በር ይከፈት ነበር! ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የእሷ በር ጠማማ ነበር፣ ግን ይከፈት ነበር፤ በትንሽ ክር አስራ፣ ስትስበው የሚከፈት በር ነበራት። ማንም አላየላትም። የተስተካከለው በር ተጣብቆ ቀረ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የልጁን ሥራ ባስተካከልን ቁጥር «የአንተ አይበቃም» እያልነው ነው። ቃሉን አላወጣነውም፤ መቀሳችን ተናግሯል።

ታዲያ ምን እንበላቸው? ስለ ማመስገን ሁለት ጥናቶችን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች የቅርጽ እንቆቅልሽ ሰጧቸው። ሲጨርሱ አንዳንዶቹን «ብልህ ነህ» አሏቸው፤ ሌሎቹን «በጣም ጥረሃል» አሏቸው። የአንድ ዓረፍተ ነገር ልዩነት ናት። ቀጥሎ ቀላልና ከባድ ሥራ ሲቀርብላቸው «ብልህ» ከተባሉት አብዛኞቹ ቀላሉን መረጡ፤ ስማቸውን እንዳያጡ ፈሩ። በከባዱ ሲወድቁ ደግሞ ተስፋ ቆረጡ፤ ከዚያ በኋላ በተሰጣቸው ሥራ ውጤታቸው ወረደ። «ጥረሃል» የተባሉት ግን ከውድቀቱ በኋላ ተሻሻሉ። ስለዚህ «አንቺ እኮ አርቲስት ነሽ» ከማለት «ክሩን ሦስቴ ፈትተሽ እንደገና አሰርሽው፣ አይቼሻለሁ» ማለት ይበልጣል። ለዚህ ግን ማየት አለብን። ሳያዩ ማመስገን ይቻላል፤ ልጆች ግን ያውቁታል።

ሁለተኛው ስለ ሽልማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሳል የሚወዱ የአፀደ ሕፃናት ልጆችን መረጡ። ለአንዱ ቡድን «ከሳላችሁ ሪባን ያለው ምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» ብለው አስቀድመው ነገሯቸው። ሌላው ቡድን ሳይነገረው ከሳለ በኋላ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠው። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች የሳሉበት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። የሚወዱት ነገር ሥራ ሆነባቸው። «ይህን ከጨረስክ ብስኩት እገዛልሃለሁ» የምትሉ፣ ልብ በሉ። ብስኩቱን መግዛት ከፈለጋችሁ ዝም ብላችሁ ግዙለት።

የእንቁጣጣሹ ብርስ? ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ብሩ በዓሉ ነው፤ ይቀበሉ። እናንተ ግን ልጁ ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛውን ሥዕል ለማን ሰጠህ?» በሉት።

ከእህቱ ጋር፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት፤ ይህን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ጊዜም አስቡበት። ከሥራ ደክማችሁ እንደምትገቡ አውቃለሁ። በየቀኑ አልልም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና እየተፈላ፣ ግማሽ ሰዓት። ልጁ ይሠራል፣ እናንተ አጠገቡ ናችሁ። ወለሉ ይቆሽሻል፤ ሲጨርስ ራሱ ይጥረግ።

ሲበላሽበትስ? እዚህ ላይ ነው ወደ እናቴ የምመለሰው።

ሸክላ እሳት ውስጥ ገብቶ ሁሉም አይወጣም። ኩበቱና ጭዱ ተቃጥሎ አመዱ ሲገለጥ፣ ከአሥሩ አንዱ ሁለቱ ተሰንጥቆ ይገኛል። የሳምንት ድካም ነው። እናቴ ግን አትጥለውም ነበር። ገሉን ሰብስባ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ ከአዲሱ ሸክላ ጋር ታቦካዋለች። የተወቀጠ ገል የገባበት ሸክላ እሳቱን ይበልጥ ይችላል። የዛሬው ጀበና ውስጥ ያምናው ስብርባሪ አለ። ልጃችሁ «ተበላሸብኝ!» ብሎ ሲያለቅስ ቶሎ ብላችሁ «ምንም አይደለም» አትበሉት፤ ለእሱ ምንም ነውና። ዝም ብላችሁ አብራችሁት ቁጭ በሉ። ሲረጋጋ «ከዚህ የትኛው ይተርፋል?» በሉት። ጎማው ይተርፋል፤ ክሩ ይተርፋል።

ያን ቀን፣ እኔ «ነጋዴ ናት» ብዬ የካድኳት ቀን፣ እናቴ ማታ ከፊቴ ተቀመጠች። ሆዱ ያለቀ፣ አንገት የሌለው ጀበና ከነእርጥቡ አስቀመጠችልኝ። «አንገቱን አንቺ አውጪው» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እጆቼ ተንቀጠቀጡ። ሸክላውን እያድበለበልኩ እያዞርኩ ሳወጣው አንገቱ ወደ ግራ አዘመመ። ላስተካክለው ስል ይባስ አዘመመ። አየችው። እጇን አልዘረጋችም። «ጆሮውን ቀጥዪለት» አለች ብቻ።

ሲደርቅ ከራሷ ጀበናዎች ጋር አብራ አስገባችው፤ እሳቱን ቻለ። ቅዳሜ ለገበያ የሚወጣው ሲወጣ እሱን ለይታ ማጀት አስቀመጠችው። እሑድ ጎረቤቶች ተጠርተው መጡ። ቡናውን በዚያ በዘመመው ጀበና አፈላችው። ሲቀዳ ወደ ጎን ስለሚሄድ ሲኒውን ከረከቦቱ አንስታ ወደ ግራ ጠጋ ታደርገዋለች። አንዷ ጎረቤት «ምነው ይሄ ጀበና?» ስትል እናቴ ቀና ብላ «የልጄ ነው» አለች። «የልጄ ነው፤ ቡናው ግን ፈልቷል።» እስከ ሦስተኛው ጠጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ጥፍሬን አልፈተግሁትም።

ያ ጀበና ተሰብሯል፤ ሰባት ወር ያህል ነው ያገለገለን። ገሉን አብረን ወቀጥነው።

ጊዜያችሁን ወስጃለሁ፤ ካርዱ ይጠብቃችኋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አስቸግራችኋለሁ። ግቢው ውስጥ ከዋርካው ሥር ሁለት ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ጭቃው ትናንት ተቦክቷል፤ የአራተኛ ክፍል ልጆች ናቸው ያቦኩት፤ ትንሽ ጓጉሏል። አባቶች ኮታችሁን ወንበሩ ላይ ተዉት። እናቶች ነጠላችሁን ወደ ኋላ አድርጉት። አያቶች፣ ለእናንተ ወንበር አስቀምጠናል። እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ሥሩ። በሬም፣ ጎጆም፣ ስኒም፣ የፈለጋችሁትን። እኔ አላስተምራችሁም፤ ልጆቻችሁ ጠረጴዛው ዳር ቆመው እየጠበቋችሁ ነው፣ እነሱ ያሳዩአችኋል። ሲጠይቋችሁ «ከየት ልጀምር?» በሏቸው።

አመሰግናለሁ። ኑ፣ እንውጣ፤ ዝናቡ ሳይመጣ።